ደሴ ለምን ሰመጠች? የምድርን ቅርፊት በካርቶንና በዱቄት መሰንጠቅ

የደሴ ልጅ ሁሉ ጦሳን ቀና ብሎ እያየ ያድጋል። ተራራው ረጅም መሆኑን ያውቃል፤ ከተማው የተቀመጠበት መሬት ከተራራው ጎን ተቆርጦ የወረደ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ መሐሉ የሰመጠ መሬት። እንዴት እንደሰመጠ ለማየት አንድ ባዶ ካርቶንና አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የኮምቦልቻ ሚኒባስ መያዝ ነው።

ዕቃውን ማሰናዳት

አንድ ባዶ የፓስታ ካርቶን ውሰዱና ክዳኑን ቆርጣችሁ ጣሉት። ከአጭር ጎኖቹም አንዱን እስከ ታች ቆርጣችሁ ክፈቱት። ወፈር ያለ ለስላሳ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር ተስማሚ ነው። የካርቶኑን ወለል ግማሽ ብቻ እንዲሸፍን አንጥፉት፣ ሌላኛው ጫፉ በተከፈተው በኩል ወጥቶ ለእጅ ይትረፍ።

ቀጥሎ ዱቄት። ለዚህ ሥራ ጥሩ ዱቄት ማባከን ነውር ነው፤ ወፍጮ ቤት ወለል ላይ የሚጠረገው ይበቃል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በትናችሁ በእጅ መዳፍ ጠፍጠፍ አድርጉ። በላዩ የደረቀ የቡና አተላ ስስ አድርጋችሁ ነስንሱ፤ እንደገና ዱቄት፣ እንደገና አተላ፣ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር እስኪሆን። በተከፈተው በኩል እንዳይፈስ ወደ ጫፉ ሲደርስ ሳሳ አድርጉት።

ይህ ድርብርብ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ ተራ በተራ እየፈሰሰና እየረጋ ነው የወሎን ደጋ የገነባው። መንገድ ሠሪ በቆረጠው ገደል ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት የሚባለው፣ እሱ ነው።

ከመጎተታችሁ በፊት

የምድር ጠንካራ ሽፋን ወጥ አይደለም። በትልልቅና በትንንሽ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው፤ ቁራጩ ፕሌት ይባላል፣ ውፍረቱም በአማካይ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብዙዎቻችን ፕሌቶች ቀልጦ በሚንተከተክ እሳት ላይ የሚንሳፈፉ ይመስለናል። ከሥራቸው ያለው ማንትል ግን በአብዛኛው ጠጣር ነው፤ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ሰም፣ ሳይፈስ ይሳባል እንጂ።

ፕሌቶች ይጋጫሉ፤ ሂማሊያ ሕንድ ከእስያ ጋር ተጋጭታ ያቆመችው ተራራ ነው። ጎን ለጎን ይፋተጋሉ፤ የካሊፎርኒያው ስንጥቅ እንዲህ ያለ ነው። ይለያያሉም። የእኛ ጉዳይ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከአፋር በታች ኑቢያ፣ ሶማሊያና ዓረብ የሚባሉ ሦስት ፕሌቶች ተነካክተው እየተራራቁ ነው። የዓረብ ፕሌት በአፋር በኩል ከእኛ የሚርቀው በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ንቀት አያስፈልግም፦ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከተፈረመ ወዲህ ብቻ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ርቋል።

አሁን ጎትቱ

ወረቀቱን በቀስታ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሳቡና አቁሙ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ቸኩዬ በአንዴ ስጎትተው ዱቄቱ ተናደና ምንም ሳላይ ቀረሁ። ቀስ ካላችሁ ግን ከወረቀቱ ጫፍ በላይ ሁለት ትይዩ ስንጥቆች ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቀጭን መሬት ወደ ታች ይወርዳል። እንደገና ሳቡ፣ ይበልጥ ይወርዳል። ዱቄቱን ማንም ከላይ አልተጫነውም። የተለጠጠ ነገር ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ መሐሉ ድጋፍ ሲያጣ ይሰምጣል።

በማስመሪያ ከተጎተተበት አቅጣጫ ጋር አብራችሁ ቆርጣችሁ ከጎን ተመልከቱ። የአተላው ጥቁር መስመር ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ይቋረጥና ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ግራና ቀኙ ጦሳና አዝዋ ገደል፣ መሐሉ ደሴ።

አንድ ነገር ካርቶኑ በደንብ አያሳይም፤ ጊዜን። እውነተኛው መሬት በየዓመቱ እኩል አይከፈትም፣ ውጥረት ያጠራቅምና በአንዴ ይለቃል። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ ሰፊው ቦታ 8 ሜትር ያህል ተከፍቷል። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ሒሳብ የ400 ዓመት ጉዞ ነው። ዛሬ መለጠጡ በዋናነት እዚያ፣ በአፋር ወለል ላይ ነው። የእኛ ዳርቻም ግን አልሞተም። ግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች።

ወደ ኮምቦልቻ

ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሐረጎን ስትወርዱ ጆሯችሁ የሚደፈነው ከአንዱ የሰመጠ መሬት ወደ ሌላው፣ ወደ ባሰበት፣ እየወረዳችሁ ስለሆነ ነው።

ወንዙንም ተከታተሉ። ቦርከና ከደሴ የሚወጣው በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል በኩል ነው። (ክረምት ላይ ጫፉ ድረስ አትጠጉ፤ አፈሩ ይንሸራተታል፣ ለዚያ ደግሞ ርዕደ መሬት አያስፈልገውም፣ ዝናብ ይበቃዋል።) ቆላው አፋር በምሥራቅ ሳለ ቦርከና ኮምቦልቻ ሲደርስ በቀጥታ ወደዚያ አይሄድም። ወደ ደቡብ ታጥፎ በጨፋ ረግረግ በኩል ዞሮ ነው በመጨረሻ ከአዋሽ ተፋሰስ የሚገባው። ካርቶኑን ያየ ሰው ምክንያቱን ይገምታል፦ ከሰመጠው መሬት በስተ ምሥራቅ ያልሰመጠ ጠርዝ ቆሞ ውኃውን ይዘጋበታል።

ጊዜ ካላችሁ ያንን ጠርዝ ራሱን ተሻገሩት። የባቲ መንገድ ከኮምቦልቻ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ወደ አፋር ቁልቁል የሚለው። ሰኞ ብትሄዱ ገበያውም ይደርስላችኋል።