ቪላን 1 ላይ ስፓኒንግ ትሪ ሲያስቸግር የምንሰራቸው ስህተቶች

ስፓኒንግ ትሪ ማለት ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በኬብል ሚያገናኙት ሳጥኖች) ዞረው ሲገናኙ ትራፊኩ እንዳይሽከረከር ትርፉን መስመር ሚዘጋው ዘዴ ነው፣ ቪላን ደግሞ በስዊቾቹ ውስጥ ተከፋፍሎ ሚሰራ ኔትወርክ ነው፣ በቁጥር ይጠራል። ነገሩ የሆነው ፒያሳ ያለ አንድ ፎቅ ነው፣ የማን እንደሆነ ይቅር። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ መብራት ሲጠፋና ጀነሬተር ሲነሳ ኔትወርኩ እንደ ጥይት ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ይንቀራፈፋል። የህንፃው ጥበቃ ሳቁና «ልጄ፣ ይሄ ኔትወርክ ናፍጣ ነው ሚወደው» አሉኝ። ከኔ በፊት ሶስት ሰው መጥቶ ስዊቹን አጥፍቶ አብርቶ ሄዷል፣ እኔም መጀመሪያ ያረኩት እሱኑ ነው፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

ሳያዩ ሪስታርት ማድረግ። ስዊቹን ስታጠፋው ሚሞሪ ላይ የነበረው ሎግ (የሆነውን ሚመዘግብበት) አብሮ ይጠፋል፣ ማክ አድሬስ (የእያንዳንዱ መሳሪያ መለያ ቁጥር) ከፖርት ወደ ፖርት (ኬብል ሚሰካበት ቀዳዳ) ሲዘል የነበረበት መልእክት ምናምን በቃ የለም። መጀመሪያ ሾው ስፓኒንግ-ትሪ ቪላን 1 ዲቴይል ሚል ኮማንድ ስጥ፣ ቶፖሎጂው (የመስመሮቹ አያያዝ) ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ መጨረሻ የተቀየረው መቼና በየትኛው ፖርት በኩል እንደሆነ ይነግርሃል፣ ያንን ፖርት ይዘህ ወደሚቀጥለው ስዊች ትሄዳለህ፣ እዛም እንደዛው እያልክ ነገሩ የተነሳበት ትደርሳለህ። በነገራችን ላይ ሰዓቱን አስተካክሉ። አሮጌ የሲስኮ ስዊች ሰዓት ካልሞሉለት ሲነሳ 1993 መጋቢት ላይ ነኝ ብሎ ነው ሚቆጥረው። ቢሞሉለትም ዩቲሲ (ከኛ በሶስት ሰዓት ወደኋላ ያለው የዓለም ሰዓት) ላይ ከተውት ሰራተኛው «ጠዋት ሶስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው የሄደው» ሲልህ፣ በፈረንጅ 9:40 ማለት ነው፣ ሎጉ ላይ 6:40 ነው ምትፈልገው፣ እኔ 3:40 ላይ ስፈልግ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ዋናው ስህተት ግን ሩት ማን እንደሆነ አለመጠየቅ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ስፓኒንግ ትሪ አንድ ስዊች ሩት (ስር) አድርጎ ይመርጣል፣ ሌሎቹ መንገዳቸውን ወደሱ ነው ሚለኩት፣ ሚመርጠው በፕራዮሪቲ ነው፣ ትንሽ ቁጥር ያለው ያሸንፋል፣ እኩል ከሆኑ ትንሽ ማክ አድሬስ ያለው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉም አሮጌው ነው። ማንም ካልነካው ፕራዮሪቲው 32768 ነው። ሲስኮ ግን የቪላኑን ቁጥር ይደምርበታል፣ ስለዚህ ቪላን 1 ላይ 32769 ይሆናል። ሌላ ብራንድ፣ ቪላን ማይደምር ትንሽ ስዊች፣ 32768ቱን እንዳለ ይዞ ይመጣል። በአንድ ቁጥር ያሸንፋል! ስንት ብር የወጣበት ኮር ስዊች (የህንፃው ዋና ስዊች) ተቀምጦ ሶስተኛ ፎቅ መደርደሪያ ላይ ያለችው ሚጢጢ ስዊች ንጉስ ሆነች ማለት ነው።

ይቺ ስዊች «አንዱ ቢቆረጥ» ተብሎ ለሁለቱም ኮር ስዊቾች አንድ አንድ ኬብል ተስቦላታል፣ ሁለቱም 100 ሜጋ። ኮሮቹ እርስ በርስ በ1 ጊጋ ተገናኝተዋል። ስፓኒንግ ትሪ ለየመስመሩ ኮስት (ዋጋ) ይሰጣል፣ ትንሹን ይመርጣል። የ100 ሜጋ ኮስት 19 ነው የጊጋ 4፣ እያንዳንዱ ኮር ወደ ሩት በቀጥታ ሲሄድ 19፣ በጓደኛው በኩል ሲሄድ 4 ሲደመር 19 ማለትም 23፣ ስለዚህ ሁለቱም ቀጥታውን ይመርጣሉ፣ ሉፕ እንዳይፈጠር ደግሞ ሚዘጋው የጊጋው መስመር ይሆናል። ከአንዱ ኮር ወደ ሌላው ሚሄደው የህንፃው ትራፊክ በሙሉ በሚጢጢዋ በኩል ነው ሚያልፈው። ጀነሬተሩ ኮሮቹ ያሉበትን ሰርቨር ሩም እንጂ ያንን መደርደሪያ አይዝም፣ መብራት ሲጠፋ ሩቷ ትሞታለች፣ ጊጋው ይከፈታል፣ ሁሉም ይፈጥናል። ጥበቃው ልክ ነበሩ እኮ!

መፍትሄው የሁለት ደቂቃ ስራ ነው፣ አንዱን ኮር ፕራዮሪቲ 4096 ሁለተኛውን 8192 (በ4096 ብዜት ብቻ ነው ሚቀበለው)፣ ወደ ትንንሾቹ ስዊቾች በሚሄዱት ፖርቶች ላይ ደግሞ ሩት ጋርድ (ከዛ በኩል ሌላ ስዊች ሩት ልሁን ቢል ሚከለክለው)።

እኔ የመጀመሪያ ቀን ፕራዮሪቲውን ቪላን 10 እና 20 ላይ ቀይሬ ቪላን 1ን ረሳሁት፣ «ማንም አይጠቀምበትም» ብዬ። ይሄም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ሲስኮ ለየቪላኑ የራሱ ዛፍ (ትሪ) አለው፣ የሌሎቹን ቪላኖች ቢፒዲዩ (ስዊቾች ስለ ዛፉ ሚለዋወጡት መልእክት) በራሱ አድሬስ ነው ሚልከው፣ ሌላው ብራንድ ሚገባው የቪላን 1ን ስታንዳርድ ቢፒዲዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ብራንድ ከተቀላቀለ ተጠቃሚ ባይኖርበትም ሚያስማማቸው ቪላን 1 ነው።

«ስፓኒንግ ትሪን አጥፋው፣ እሱ ነው ሚያዘገየው» ሚል ሰው አይጠፋም። አታጥፉት። የኢተርኔት ፍሬም እንደ አይፒ ፓኬት ቲቲኤል (ሲያልቅ ሚያስጥለው የእድሜ ቁጥር) የለውም፣ ሉፕ ውስጥ ከገባ ሰው ገብቶ እስኪነቅለው ይዞራል። ቢፒዲዩ ፊልተርን ፖርት ላይ ማድረግም ያው ማጥፋት ነው፣ ስሙ ስላማረ ብቻ ቢፒዲዩ ጋርድ ይመስላቸዋል። ጋርዱ ቢፒዲዩ ሲያይ ፖርቱን ይዘጋል፣ ፊልተሩ ግን ቢፒዲዩውን ጥሎ፣ አልሰማሁም አልለማሁም ብሎ ፖርቱን ክፍት ይተወዋል።

ፖርትፋስት (ፖርቱ ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲከፈት ሚያደርገው) የኮምፒውተር ፖርት ላይ አለማድረግ ሌላው ነው። በድሮው ስፓኒንግ ትሪ 15 ሰከንድ ሲሰማ 15 ሰከንድ ሲማር ኮምፒውተሩ አይፒ ጠይቆ ተስፋ ቆርጧል፣ በ169.254 ሚጀምር አይፒ ለራሱ ሰጥቶ ይቀመጣል። በዛ ላይ ሰው ኮምፒውተር በከፈተና በዘጋ ቁጥር ቶፖሎጂ ተቀየረ ይባልና የማክ ቴብሉ (የትኛው ማክ በየትኛው ፖርት እንዳለ ስዊቹ ሚይዝበት) እድሜ ከ300 ሰከንድ ወደ 15 ይወርዳል፣ ስዊቹ ቶሎ ቶሎ ይረሳል፣ ጠዋት ሁሉም ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ፖርትፋስት ካረጋችሁ ከቢፒዲዩ ጋርድ ጋር አድርጉት፣ ስዊች ወደሚሰካበት ፖርት ግን አይሆንም።

ጋርድ ስላለ ደግሞ አለቀ አትበሉ። ጠረጴዛ ስር ሚቀመጡት ርካሽ ስዊቾች ውስጥ ቢፒዲዩ ሚጥሉ አሉ፣ የራሱን ኬብል መልሶ ራሱ ላይ ቢሰኩት ዋናው ስዊች ምንም ቢፒዲዩ አያይም። ለሱ ስቶርም ኮንትሮል (ፖርቱ ላይ ትራፊክ ከልክ ሲያልፍ ሚቆርጠው) ነው።

የመጨረሻው፣ ከቪላን 1 ለመውጣት ብሎ ኔቲቭ ቪላንን (የቪላን ቁጥር ሳይለጠፍበት ሚያልፈውን) በትራንኩ (ብዙ ቪላን ሚያልፍበት የስዊች ለስዊች መስመር) አንድ ጫፍ ብቻ መቀየር። ሲስኮ አለመግባባቱን አይቶ እነዚያን ቪላኖች ይዘጋቸዋል፣ ስዊቹን ከሩቅ ምታዝበት መስመር እዛ ላይ ከነበረ ደህና ሰንብት። ሩቅ ያለውን ጫፍ ቀድመህ ቀይር፣ ከዛ በፊት ግን ሴቭ ሳታደርግ ሪሎድ ኢን 10 በለው፣ ከተቆለፈብህ በአስር ደቂቃ ራሱ ተነስቶ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ ከተስተካከለ ሪሎድ ካንስል ብለህ ሴቭ ታደርጋለህ። እኔ ይሄን ያወቅኩት ከሜክሲኮ ፒያሳ ድረስ በማታ ታክሲ ለአንዲት ኮማንድ ከሄድኩ በኋላ ነው።