የተጠቃሚን መረጃ ከቅጽ እስከ ዳታቤዝ መፈተሽ፦ በሀዋሳ የእንግዳ ማረፊያ ቅጽ ምሳሌነት

ሀዋሳ ላይ፣ ሐይቁ ዳር ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የክፍል ማስያዣ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። ቅጹ ስም፣ ስልክ፣ የመጡበት ከተማ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን እንዲሁም የእንግዶች ብዛት ከመጠየቅ ያለፈ ነገር አልነበረውም። ከጥቂት ወራት በኋላ መዝገቡን ስመረምር ግን አንዷ ከተማ አዳማ፣ ናዝሬት እና ናዝሪት ተብላ በሦስት ስም ገብታለች፤ የመውጫ ቀናቸው ከመግቢያ ቀናቸው የሚቀድም እንግዶችም አሉ። ከሁሉም ያሳዘነኝ፣ ቅጹ የገዛ ስማቸውን «ትክክል አይደለም» ብሎ ስለመለሰባቸው አንዲት እናት ስልክ ደውለው ክፍል ለመያዝ መገደዳቸውን ከእንግዳ ተቀባይዋ መስማቴ ነው። ፍተሻ ስሕተትን በማስገባት ብቻ ሳይሆን እውነተኛውን በመመለስም ያጠፋል፤ ሁለተኛውን ጥፋት የምናውቀው የተመለሰው ሰው ቅሬታውን ሲያሰማ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ መመሪያ ሰፋ አድርጌ የማነሣው እሱን ነው።

ፍተሻው በሦስት ቦታ ይካሄዳል፦ በብራውዘሩ (ተጠቃሚው ገጹን በሚያይበት ፕሮግራም)፣ በሰርቨሩ (ቅጹን በሚቀበለው ኮምፒውተር) እና በዳታቤዙ (መረጃው በሚቀመጥበት)። በብራውዘር ላይ የሚደረገው፣ ለምሳሌ በድረ ገጽ መጻፊያው በኤችቲኤምኤል «ሪኳየርድ» (ግዴታ) ወይም «ፓተርን» (የሚጠበቅ ቅርጽ) ተብሎ የሚጻፈው፣ ለተጠቃሚው የሚደረግ መስተንግዶ ነው፤ ቅጹ ወደ ሰርቨር ሄዶ እስኪመለስ ሳይጠብቅ የረሳውን ይነግረዋል። ጥበቃ ግን አይደለም። ማንም ሰው ብራውዘሩን ጨርሶ ሳይከፍት «ከርል» በመሰለ መሣሪያ የፈለገውን መረጃ በቀጥታ ለሰርቨሩ መላክ ይችላል። ስለዚህ በብራውዘር የተጻፈ ደንብ ሁሉ በሰርቨሩ ላይ እንደገና ሊጻፍ ይገባል፤ ተቆልቋይ ዝርዝር እንኳ ቢሆን ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ዋጋ ሊላክበት ስለሚችል ከዚህ አይድንም። የከተማውን ጉዳይ የፈታሁት በዚህ መንገድ ነው፦ ነጻ ጽሑፍ መቀበሉን ትቼ ከከተሞች ሠንጠረዥ ማስመረጥ ጀመርኩ፤ ሰርቨሩም የተመረጠው ቁጥር በሠንጠረዡ መኖሩን ያረጋግጣል፤ አዳማን በናዝሬት የሚፈልጋትም ያገኛታል።

ስም

የብዙ ቅጾች ደንብ የተቀዳው የቤተሰብ ስም ካላቸው አገሮች ነው። እኛ ግን የራሳችን ስም፣ የአባታችን ስም፣ ቀጥሎም የአያታችን ስም አለን፤ «የመጨረሻ ስም» የሚለው ጥያቄ አንዱን የአባቱን፣ ሌላውን የአያቱን ስም ያስጽፋል። ሥራው ፈቅዶ አንድ ሙሉ ስም ብቻ መጠየቅ ከተቻለ ይህ ይሻላል፤ ካልተቻለ ሦስቱን በየስማቸው ጠይቆ የአያትን ስም ግዴታ አለማድረግ ነው። የእኚያ እናት ስም የተመለሰው በክፍተቱ ምክንያት ነበር። ኃይለ ማርያምን፣ ወለተ ሥላሴን፣ ገብረ መድኅንን የመሰሉ ስሞች በመካከላቸው ክፍተት አላቸው፤ «ገ/መድኅን» ብሎ በእዝባር የሚያሳጥርም አለ። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ስለሆነ፣ ሀዋሳ ውስጥ ስሙን በላቲን የሚጽፍ፣ በመካከሉም ጭረት (') የሚያስገባ ሰው ያጋጥማል። ሦስት ፊደል ያልሞላን ስም የሚመልስ ደንብም ባለሁለት ፊደል ስም ያለውን ሁሉ ከደጅ ይመልሳል።

ብዙ ሠሪዎች የግዕዝ ፊደልን ለመቀበል ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ) 1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን ክልል በደንባቸው ውስጥ ይጽፋሉ። ይህ ክልል ፊደላቱን ብቻ ሳይሆን አራት ነጥብንና የግዕዝ ቁጥሮችንም ስለሚያካትት «አበበ።፫» የሚል ስም ያልፋል። የሚሻለው በቦታ ቁጥር ሳይሆን በዓይነት መፈተሽ ነው፦ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ክፍተቱን፣ እዝባሩንና ጭረቱን ካወጡ በኋላ የቀረው ፊደል ብቻ መሆኑን በ«ኢዝአልፋ» መጠየቅ ይበቃል። ቁጥር በሚጠበቅበት ሳጥን ደግሞ የተገላቢጦሹ ወጥመድ አለ። አኀዝ ነው ወይ ተብሎ የሚጠየቀው የፓይተን «ኢዝዲጂት» ለ«፩» አዎን ብሎ ይመልሳል፤ ወደ ቁጥር ለመለወጥ የተጠራው «ኢንት» ግን በዚያው ምልክት ላይ ስሕተት አውጥቶ ይቆማል። ስለዚህ «፩»ን በማይቀበለው በ«ኢዝዴሲማል» መፈተሽ ይገባል።

ሐ፣ ኀ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ በመሆኑ ያንኑ እንግዳ ሁለት ሰው አድርጎ መመዝገብ ቀላል ነው። የሰውን ስም አርሞ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ ኃይሉ ኃይሉ ሆኖ ይኑር። ለፍለጋና ለማመሳከር ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ አዘጋጅቶ ሞክሼዎቹን እዚያ ወደ አንድ መመለስ ይበቃል። ርዝመትን በተመለከተ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት ስልት) ሦስት ባይት ስለሚይዝ ገደቡ የሚቆጥረው ፊደል ይሁን ባይት አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በነገራችን ላይ፣ የሠራተኞችን የይለፍ ቃል በቢክሪፕት (ቃሉ ራሱ እንዳይነበብ አድርጎ በሚለውጥ ስልት) የሚያስቀምጥ ሰው ስልቱ ከ72 ባይት በላይ እንደማይመለከት ልብ ይበል፤ ይህ በግዕዝ ፊደል 24 ሆሄ ብቻ ነው።

ስልክና ቀን

ስልክን አስቀድሞ አስተካክሎ ከዚያ መፈተሽ እንጂ በጻፈው መልክ መገሠጽ ተገቢ አይደለም። ሰው 09 ብሎ ይጀምራል፣ +251 ብሎ ይጀምራል፣ በየሦስት ቁጥሩ ክፍተት ያስገባል። ክፍተቱንና ሰረዙን አውጥቶ፣ መነሻውን ዜሮ በ+251 ተክቶ፣ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ አኀዝ መቅረቱን ማየት ነው። ሞባይል ከሆነ ቀጣዩ አኀዝ 9 ወይም 7 ይሆናል፤ በ07 የሚጀምሩትን የማይቀበሉ አሮጌ ደንቦች ዛሬም አሉ። የሀዋሳ መደበኛ ስልክ በ046 ስለሚጀምር የሞባይልን ደንብ ብቻ መጻፍ የቢሮ ስልክ የሚሰጠውን ያስቀራል። በሌላ አገር መለያ የጀመረውን ቁጥር በእኛ ደንብ አለመዳኘት ነው። ዓምዱም የጽሑፍ ዓምድ ይሁን፤ የቁጥር ዓምድ መነሻውን ዜሮ ይውጠዋል።

ቀን ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የካቲት 30 በእኛ አቆጣጠር ትክክለኛ ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ግን እንዲህ ያለ ቀን የለም። ስለዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀበል ቅጽ ከፕሮግራም ቋንቋው ጋር አብሮ በመጣው የቀን ፈታሽ ሊፈተሽ አይችልም። ደንቡ አጭር ነው፦ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30፤ ወሩ 13 ከሆነ ጳጉሜን 5 ቀን ይኖራታል፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ 6 ትሆናለች። በዚህ መሠረት ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ይገባል፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ይመለሳል። ካለፈ በኋላ ወደ አንድ አቆጣጠር ለውጦ በቀን ዓምድ ማስቀመጥ ነው።

«የመግቢያው ቀን ያለፈ መሆን የለበትም» የሚለውን ደንብ ሳስገባ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛ፣ ሰርቨሩ «ዛሬ» የሚለው በራሱ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከተሞላ ከእኛ በሦስት ሰዓት ስለሚዘገይ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ትናንትን ዛሬ ብሎ ይቀበላል። የአዲስ አበባ የሰዓት ክልል በግልጽ መጠቀስ አለበት። ሁለተኛ፣ ይህ ደንብ ለአዲስ የክፍል ጥያቄ የወጣ ስለሆነ ቦታው ቅጹ እንጂ ሞዴሉ (የዳታቤዙን ሠንጠረዥ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚወክለው ክፍል) አይደለም። ሞዴሉ ላይ ካስቀመጡት፣ ያለፈ ወር እንግዳን ስልክ ለማረም የከፈተ ሠራተኛ ቀኑ አልፏል ተብሎ ይታገዳል። መውጫው ከመግቢያው በኋላ መሆኑ ግን ምንጊዜም እውነት መሆን ስላለበት ቅጹም፣ ሞዴሉም፣ ዳታቤዙም ሊያውቀው ይገባል።

ሞዴሉና ዳታቤዙ

በጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) የሚሠሩ ብዙዎች፣ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ፣ በሞዴሉ ላይ የተጻፈ ፈታሽ መረጃው በተቀመጠ ቁጥር የሚሠራ ይመስላቸዋል። አይሠራም። መረጃውን የሚያስቀምጠው «ሴቭ» በራሱ ፈታሾቹን የሚያስነሣውን «ፉል ክሊን»ን አይጠራም፤ የሚጠራው ከሞዴሉ የሚሠራው ቅጽ፣ ሞዴል ፎርም፣ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ በኤክሴል የሰጠችኝን የቆየ መዝገብ በአንድ ስክሪፕት ስጭን፣ የተገለበጡት ቀኖች የገቡት በዚህ ቀዳዳ ነበር። ብዙ ረድፎችን በአንዴ የሚያስገባው «ባልክ ክሪኤት» እና የሚለውጠው «አፕዴት» ደግሞ «ሴቭ»ንም ጭምር ዘልለው ያልፋሉ። ስለዚህ መሰበር የሌለበት ደንብ በዳታቤዙ ላይ እንደ «ቼክ» ገደብ (ሁኔታውን የሚጥስ ረድፍ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ) ይጻፍ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ «ቼክ» ውጤቱ «ነል» (ያልታወቀ ባዶ ዋጋ) ሲሆን ስለሚያሳልፍ የቀን ዓምዶቹ ባዶ የማይፈቅዱ፣ «ኖት ነል»፣ ይሁኑ፤ የዳታቤዝ ፕሮግራሙ ማይኤስኪውኤል ከ8.0.16 በፊት ባሉት እትሞች «ቼክ»ን አንብቦ ምንም እንደማይሠራበትም ይታወቅ።

አንድን ክፍል ለሁለት ሰው መስጠት በቅጽ ፍተሻ ብቻ አይከለከልም። ታኅሣሥ 19 ለሚከበረው የገብርኤል በዓል ሀዋሳ በእንግዳ ስትሞላ፣ ሁለት ሰዎች የመጨረሻውን ክፍል በአንድ ቅጽበት ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ሰርቨሩ ለሁለቱም «ነጻ ነው» ብሎ ያያል፣ ሁለቱንም ይመዘግባል። ፖስትግሬስኪውኤል በተባለው ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም የክፍሉን ቁጥርና የቀኑን ክልል ይዞ መደራረብን የሚከለክል «ኤክስክሉዥን» ገደብ አለ። ክልሉ የመውጫውን ቀን እንዳይጨምር ያድርጉ፤ አንዱ ጠዋት በወጣበት ክፍል ሌላው በዚያው ቀን ይገባል። ገደቡ ሲመልስ የሚወጣውን ስሕተት ይዞ «ይህ ክፍል አሁን ተይዟል፤ እባክዎ ሌላ ይምረጡ» ማለት የፕሮግራሙ ድርሻ ነው።

አንዳንዶች ጭረትንና የመሳሰሉትን ምልክቶች ከስም ላይ የሚያጠፉት ከኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (በሳጥን ውስጥ የተጻፈ ነገር የዳታቤዝ ትእዛዝ ሆኖ ከሚሠራበት ጥቃት) ለመዳን ነው። መድኃኒቱ ይህ አይደለም፤ ለዳታቤዙ ጥያቄ ሲቀርብ ዋጋዎቹን ከትእዛዙ ለይቶ በፓራሜትር መስጠት፣ በገጹ ላይ ሲታዩ ደግሞ ለኤችቲኤምኤል እንደሚስማማ አድርጎ ማውጣት ነው።

የስሕተት መልእክቱ ከሳጥኑ ሥር፣ በአማርኛ፣ በአክብሮት ይጻፍ፤ ምን እንደጎደለ ብቻ ሳይሆን ምን መጻፍ እንዳለበት ይናገር። ስሕተቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታዩ እንጂ አንዱ ሲታረም ሌላው አይምጣ፤ ተጠቃሚው የሞላው ሁሉ እንደተሞላ ይቆይለት።

መረጃ በተጠራቀመበት ሠንጠረዥ ላይ ገደብ ሲጨመር ዳታቤዙ አሮጌዎቹን ረድፎች አይቶ ይከለክላል። በፖስትግሬስኪውኤል የ«ቼክ» ገደቡን «ኖት ቫሊድ» ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ አዲስ የሚገባው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይፈተሻል፣ አሮጌው ይጠብቃል። የተገለበጡትን ቀኖች እኔ በግምት አልገለበጥኳቸውም፤ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ተቀምጠን ከወረቀት መዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ካመሳከርን በኋላ ነው ገደቡን «ቫሊዴት» ብዬ ያጸናሁት።