የጉልበት ሎሚ ወልቆ ከተሠራ በኋላ፦ ትራሱን ከጉልበት ሥር አውጡት

የጉልበት ሎሚ ወደ ውጭ ሲወልቅ፣ ወደ ውስጥ በኩል ስቦ የሚይዘው ጅማት ይበጠሳል። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ያንን በሌላ ጅማት መተካት ነው። የተተካው ጅማት አጥንቱን ይዞ እስኪጠና ወራት ይፈጃል።

ቤት ስትገቡ ጠያቂው ሁሉ ትራስ ያነሳል። “ትንሽ ጎንበስ ይበልልህ” እያለ ጉልበታችሁ ሥር ይወትፋል። እንዳትፈቅዱ። ታጥፎ የሰነበተ ጉልበት በኋላ ቀጥ በል ቢሉት እምቢ ይላል፣ ያነክሳችኋል። ፎጣ ጠቅልላችሁ ተረከዝ ሥር አድርጉ፤ ጉልበቱ ሥር ባዶ ይሁን።

እንደዚያው ተኝታችሁ የጭናችሁን ጡንቻ አጥብቁ። የጉልበቱ ጀርባ ወደ ፍራሹ ይጫን። አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ፣ 10 ጊዜ ድገሙት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡንቻው የሰው ይመስል አልታዘዝ ይላል። ያፈዘዘው እብጠቱ ነው። መዳፋችሁን ጭኑ ላይ ብታሳርፉ፣ ጠጠር ማለት ሲጀምር ይታወቃችኋል። ቁርጭምጭሚታችሁንም በየሰዓቱ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ፤ ደም እንዳይረጋ ነው።

በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል።

ክራንች ላይ ክብደታችሁን በመዳፍ ተሸከሙ፣ በብብት አይደለም። የተሠራውን እግር ምን ያህል መርገጥ እንደሚቻል ሐኪማችሁ ይወስናል። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም። ስትወርዱ ክራንቹና የታመመው።

ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ትልቁ ፈተና ነው። መቀመጫው የተበሳ የፕላስቲክ ወንበር ከላይ አስቀምጡ። ለቡናም በርጩማውን ተዉት፣ ከፍ ያለ ወንበር ያዙ። ስግደትም ለጊዜው ወንበር ላይ ይሁን።

“ወጌሻ ይሽህ” የሚል ዘመድ አይጠፋም። ወጌሻ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን አዲስ የታሰረ ጅማት መታሸት አይችልም። ጉልበቱን ማጠፉን በፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) እጅ፣ ቀስ በቀስ ጀምሩት።

ባታችሁ አብጦ ካመመ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከመገለ ወይም የእግር ጣቶቻችሁ ከቀዘቀዙ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ደረት ከወጋችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ደቂቃም አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል!

ኳስ? ከ6 ወር በፊት አታስቡት። ከዚያም በኋላ በተሠራው እግር ብቻ ቆማችሁ፣ ሳትንገዳገዱ ዝቅ ብላችሁ መነሳት ከቻላችሁ ፊዚዮቴራፒስታችሁን ጠይቁ።