ጥንዶች ብቻቸውን የግሪክ ደሴቶችን በሸራ ጀልባ እንዴት መዞር ይችላሉ?

የግሪክን ደሴቶች ራሳቸው እየነዱ ለመዞር የሚያስቡ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስባቸው ሸራው ነው። ይሁን እንጂ በዛሬዎቹ ጀልባዎች ላይ ሸራ መዘርጋትና መጠቅለል ለአንድ ሰውም የማይከብድ ሥራ ሲሆን፣ ሁለት ብቻ ሆኖ ለሚጓዝ በእርግጥ የሚከብደው ጀልባዋን በሰላም አቁሞ ማደር ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ከአቴንስ ተነሥቶ በሳሮኒክ ሰላጤ ውስጥ ለሚደረግ የአንድ ሳምንት ጉዞ የታሰበ ነው፤ ስለ መልህቅ ከሌላው ሁሉ አስበልጦ የሚናገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

1. ባሕሩንና ወሩን ምረጡ

በኤጂያን ባሕር ላይ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሜልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል። በባልካን አገሮች ላይ ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊትና በቱርክ በኩል ያለው ዝቅተኛ ግፊት የሚፈጥሩት ይህ ነፋስ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ የነፋስ ኃይል በሚለካበት የቦፎርት መለኪያ ከ5 እስከ 7 እየደረሰ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሚኮኖስና ፓሮስ የሚገኙበትን የሳይክላዲስ ደሴቶች ክፍል ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም። ሳሮኒክ ሰላጤ በዋናው ምድር የተከለለ በመሆኑ ነፋሱ እዚያ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ ቀንሶ ነው። ከተቻለ ሰኔን ወይም መስከረምን ምረጡ፤ ወደቦቹ እንደ ነሐሴ አይጨናነቁም።

2. ሰነድ አሟሉ፣ ጀልባ ተከራዩ

ጀልባ ያለ ካፒቴን ለመከራየት ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዕውቅና ያለው የሸራ ጀልባ ብቃት ማረጋገጫ ሊኖራችሁ ይገባል፤ ሌላኛው ደግሞ የራሱን ማረጋገጫ ወይም የባሕር ልምድ እንዳለው የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ያቀርባል። ማረጋገጫው ከሌላችሁ ካፒቴን ቀጥሮ መሄድ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሼንገን ቪዛ ስለሚያስፈልገው ቀጠሮውን ከጀልባው ኪራይ በፊት ያስይዝ። ለሁለት ሰው ከ10 እስከ 11 ሜትር የምትረዝም ጀልባ በቂ ናት። ከዚያ የምትበልጠው ምቾት ቢኖራትም በጠባብ ወደብ ውስጥ ታስቸግራለች። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመልህቅ ማንሻና በራሱ የሚነዳ መሪ መኖራቸውን ግን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

3. አጭር አጭር ጉዞ አቅዱ

ኪራዩ በተለምዶ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሲሆን ብዙዎቹ ጀልባዎች የሚነሡት አቴንስ አጠገብ ካለው የአሊሞስ ማሪና (የመዝናኛ ጀልባዎች ወደብ) ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን፣ ጀልባዋ በሰዓት 5 ያህል የባሕር ማይል እንደምትጓዝ አስቡ። በመጀመሪያው ቀን በኤጂና ደሴት ደቡብ ምዕራብ ባለችው የፔርዲካ የዓሣ አጥማጆች መንደር ማደር፣ ቀጥሎ ወደ ፖሮስ፣ ከዚያ ወደ ሃይድራ መውረድ፣ በመመለሻው የሜታናን እሳተ ገሞራማ ባሕረ ገብ መሬት በሰሜን ዞሮ ወደ አሮጌው ኤፒዳቭሮስ መግባት፣ በመጨረሻም በጥድ በተሸፈነችው አጊስትሪ በኩል ወደ አሊሞስ መመለስ ይቻላል። ከሃይድራ ወደ ኤፒዳቭሮስ ያለው ቀን ከሁሉም ይረዝማል፤ በማለዳ ተነሡ። ኤፒዳቭሮስ ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ብታድሩ አትቆጩም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ታላቁ ቴአትር ከወደቡ በታክሲ የሚደረስበት ነው።

ዋናው ደንብ ግን ከቀትር በኋላ ብዙ ሳይቆዩ መድረስ ነው። ቀድሞ የደረሰ ቦታ መርጦ ይቆማል፤ አልያዝ ያለውን መልህቅ አንሥቶ ደግሞ ለመጣልም የቀን ብርሃን አለው።

4. መልህቅ አጣጣል

በጀልባዋ ፊት የሚቆመውና መሪ የሚይዘው ሰው አስቀድመው የእጅ ምልክት ይስማሙ፤ ሞተር እየሠራ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጯጯህ ለሁለቱም ቁጣ እንጂ መልእክት አያደርስም። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ቁም፣ ግራና ቀኝ የሚሉት ምልክቶች ይበቃሉ።

ቦታ ስትመርጡ የውኃውን ቀለም ተመልከቱ። ነጣ ያለ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው አሸዋ ሲሆን መልህቅን አጥብቆ ይይዛል። ጠቆር ያለው አብዛኛውን ጊዜ ፖሲዶኒያ የሚባለው የባሕር ሣር ነው፤ መልህቁ በላዩ ይንሸራተታል፣ ሣሩም እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግና የዓሦች መራቢያ በመሆኑ መነቀሉ ጉዳት ነው።

ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ ጀልባዋ ስትቆም መልህቁን እስከ ታች አውርዱ፤ ከዚያ ማርሹን ወደኋላ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ሰንሰለቱን ልቀቁ እንጂ ሁሉንም በአንድ ቦታ አትከምሩት። የሰንሰለቱ ርዝመት ከጥልቀቱ ቢያንስ 5 እጥፍ ይሁን፤ ጥልቀቱ 6 ሜትር ቢሆንና ከውኃው እስከ ጀልባዋ ፊት 1 ሜትር ቢኖር፣ 7 በ5 ተባዝቶ 35 ሜትር ይለቀቃል። ጠንከር ያለ ነፋስ ከተተነበየ ጨምሩበት። በመጨረሻ ሞተሩን በወደኋላ ማርሽ አጠንክሩና እጃችሁን ሰንሰለቱ ላይ አሳርፉ፦ እየነዘረና እየዘለለ ከተሰማችሁ መልህቁ እየተጎተተ ነው፤ ተወጥሮ ጸጥ ካለ ይዟል። ከዚያም ዳርቻው ላይ ሁለት ነገሮችን፣ ለምሳሌ አንድ ቤትና ከኋላው ያለ ዛፍ፣ በመስመር አስተውሉና ቦታቸው እንዳልተለዋወጠ ተመልከቱ። የዋና መነጽር አጥልቆ መልህቁ ድረስ መዋኘት ከሁሉ የላቀ ማረጋገጫ ነው፤ ጥርሱ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ካያችሁት ሌሊቱን በሰላም ትተኛላችሁ።

በፖሮስ የሩሲያ ባሕረ ሰላጤ በሚባለው መልካም ማረፊያ ብዙዎች መልህቅ ከጣሉ በኋላ ከጀልባዋ ኋላ ረጅም ገመድ ወስደው ዳርቻው ላይ ያስራሉ። አንዱ በትንሿ የጎማ ጀልባ ወይም በዋና ገመዱን ሲያደርስ ሌላው ጀልባዋን በሞተር ቀጥ አድርጎ ይጠብቃል፤ ይህም ነፋሱ ገና ጸጥ እያለ ቢሠራ ይቀላል።

5. የጀልባዋን ኋላ አስጠግቶ ወደብ መቆም

በግሪክ ወደቦች ጀልባ የምትቆመው ፊቷ በመልህቅ ወደ ባሕሩ ተይዞ፣ ኋላዋ ወደ ግንቡ ተጠግቶ ነው። ወደቡ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መከላከያ ፊኛዎቹን በሁለቱም ጎን ስቀሉ፣ የኋላ ገመዶቹንም አዘጋጁ። ከግንቡ 40 ወይም 50 ሜትር ያህል ርቃችሁ መልህቅ ጣሉና ቀጥ ብላችሁ ወደኋላ ሂዱ፤ ስትጠጉ መጀመሪያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ገመድ እሰሩ። አቀራረቡ ካላማራችሁ ሳታፍሩ ወጥታችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ልምድ ያላቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ።

መኪና የማይነዳባት ሃይድራ እጅግ ውብ ብትሆንም ወደቧ ትንሽ በመሆኑ ጠዋት ጠዋት ሰንሰለቶች ተጠላልፈው ይገኛሉ። መልህቃችሁ የሌላውን ሰንሰለት ይዞ ከወጣ፣ አንድ ገመድ በዚያ ሰንሰለት ሥር አሳልፋችሁ ጀልባችሁ ላይ እሰሩት፤ ክብደቱ ገመዱ ላይ ሲያርፍ የራሳችሁን መልህቅ ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ አላቅቁት፣ ከዚያም ገመዱን ልቀቁ። ይህን ሁሉ ለማይፈልግ በምሥራቅ በኩል ማንድራኪ የሚባለው ማረፊያ ቅርብ ነው።

6. በየዕለቱ መደረግ ያለበት

ጠዋትና ማታ የግሪክ ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት የሚያወጣውን ትንበያ ተመልከቱ። ነፋሱ ሲጠነክር የሸራውን ስፋት በጊዜ ቀንሱ፤ ከከፍተኛ ተራራ ሥር ነፋስ የለም ብላችሁ አትዘናጉ፣ ከላይ በድንገት ይወርዳልና። ሬዲዮው ምንጊዜም በቻናል 16 ላይ ይሁን፤ የግሪክ የባሕር ጠባቂ ስልክ 108 ነው። ሁለት ብቻ ስትሆኑ አንዱ ባሕር ላይ ቢወድቅ የሚያወጣው ሌላው ብቻ በመሆኑ፣ ሁለታችሁም ሞተር ማስነሣትን፣ ሸራ ማውረድንና በሬዲዮ መጥራትን ከመነሣታችሁ በፊት ተለማመዱ። የመጠጥ ውኃ በጠርሙስ ያዙ፤ የጋኑን ውኃ ቆጥባችሁ ተጠቀሙ፤ መጸዳጃው ውስጥ ወረቀት አትጣሉ፣ ቱቦው ጠባብ ነው።

7. ጀልባዋን መመለስ

ብዙዎቹ አከራዮች ጀልባዋ ዓርብ ማታ ማሪና ውስጥ እንድትገኝ ይጠይቃሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በነዳጅ ማደያው ሰልፍ ስለሚኖር ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ነዳጁን ሞልታችሁ ደረሰኙን ያዙ። ስትረከቡ ያነሣችኋቸውን ፎቶዎች፣ በተለይ የጀልባዋን ጎኖችና የትንሿን የጎማ ጀልባ ሞተር የሚያሳዩትን፣ ርክክቡ ተፈርሞ መያዣችሁ እስኪመለስ ድረስ አታጥፏቸው።