የአፈር ግድብን ከውርጭ ወቅት በኋላ እንዴት መፈተሽ ይቻላል

የአፈር ግድብ ውርጭ በጸናበት ወቅት አለት መስሎ ይታያል። አስቸጋሪው ጊዜ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ዋናው ጣጣ ግን ይህ አይደለም። በረዶ እየሠራ ያለ አፈር ከሥሩ ካለው እርጥብ አፈር ውሃ ይስባል። የተሳበው ውሃ በስስ ንብርብር እየረጋ መሬቱን ያሳብጠዋል። ሙቀት ሲመጣ መቅለጥ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ጭቃ የሆነው አፈር ከሥሩ ባልቀለጠው ላይ ይቀመጣል። ውሃው ወደ ታች ማለፊያ ስለሌለው ተዳፋቱ ይንሸራተታል።

1. አፈሩን ይለዩ። ከሁሉ የከፋው ደለል ነው። ቅንጣቶቹ ውሃ ለመሳብ በበቂ ሁኔታ ደቃቅ ናቸው፤ በመካከላቸውም ውሃ ለማሳለፍ በቂ ክፍተት አለ። ንጹህ ጠጠርና አሸዋ ብዙም አይነኩም። በላብራቶሪ ሲለካ፣ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ቅንጣቶች በተደባለቁበት አፈር ውስጥ ከ0.02 ሚሊሜትር የሚያንሱት ከክብደቱ 3 በመቶ ካለፉ ያጠራጥራል። ለፈጣን ግምት፣ በውሃ የለሰለሰ አፈር መዳፍ ላይ አድርገው በሌላው እጅ ጎን ጎኑን መታ መታ ያድርጉት። ውሃ ወጥቶ ገጹ ካብለጨለጨ፣ ሲጨምቁት ደግሞ ብልጭታው ከጠፋ፣ ደለል ይበዛበታል ማለት ነው። ሸክላ እንዲህ አያደርግም። ሆኖም በተደጋጋሚ በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል፤ ውሃ የማሳለፍ አቅሙም አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል።

2. ውርጭ ሳይገባ የማጣሪያ ቱቦዎችን አፍ ይፈትሹ። አፋቸው በበረዶ ከተዘጋ ስርገቱ (በግድቡ ውስጥ ሰርጎ የሚያልፈው ውሃ) መውጫ ያጣል፤ በግድቡ ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታም ይጨምራል። የፒዞሜትር (በግድቡ ውስጥ ያለውን የውሃ ግፊት የሚለካ መሣሪያ) ንባብን ከሐይቁ ከፍታ ጋር አብረው ይመዝግቡ። ሐይቁ ባለበት ቆሞ ንባቡ ከጨመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተዘጋ ቱቦ ነው።

3. በረዶው ሲቀልጥ ግድቡን በእግር ይዙሩ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ መሬቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ይደጋግሙት። ከአናቱ ይጀምሩ። የእያንዳንዱን ስንጥቅ ጫፍና ጫፍ ችካል ተክለው ቀኑን ይጻፉበት፤ ካደገ ያኔ ይታወቃል። ከዚያ አፈሩ ከማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ ከሚወጣበት መተላለፊያ) የኮንክሪት ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በቀጭን ብረት ይውጉ። ያበጠ አፈር ሲቀልጥና ሲወርድ ከግድግዳው ይለያል። ክፍተቱ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ብረቱ ግን ያለ ትግል ይሰምጣል። የቀለጠው በረዶ ሐይቁን የሚሞላው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይበልጥ ለዚህ ትኩረት መስጠት ይሻላል።

4. በታችኛው ተዳፋት የሚወጣውን ውሃ ይለዩ። የመቅለጥ ውሃ ከሆነ መሬቱ ከቀለጠ በኋላ እየቀነሰ ይደርቃል፤ ከሐይቁ የሚመጣው አይቆምም። በብርጭቆ ቀድተው ያስቀምጡት። ከሥሩ አፈር ከዘቀጠ ግድቡ ከውስጥ እየታጠበ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መሐንዲስ ይጥሩ። ሐይቁን በራስዎ ውሳኔ በፍጥነት አያጉድሉ፤ ውሃው ድንገት ሲወርድ የሐይቁ ጎን ተዳፋት ሊናድ ይችላል።

5. ጥገናው አፈሩ እስኪቀልጥ ይቆይ። በረዶ የያዘ ጓል በሮለር ቢረገጥም አይጠቀጠቅም፤ ኋላ ሲቀልጥ ባዶ ቦታ ይተዋል። በረዶ በያዘ መሬት ላይ አዲስ አፈር መሙላትም ያው ነው። ስንጥቅን ከላይ አፈር በመበተን መድፈን መሸፋፈን እንጂ ጥገና አይደለም። የላላውን አፈር ጤናማው እስኪገኝ ቆፍረው ያውጡ፣ ጎኑን በደረጃ ይቁረጡ፣ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር በሆነ ንጣፍ እየሞሉ ቢያንስ 95 በመቶ የስታንዳርድ ፕሮክተር ጥግግት (አፈሩ በላብራቶሪ በመደበኛ ሙከራ ሲጠቀጠቅ የሚደርስበት ከፍተኛ ጥግግት) እስኪደርስ ይጠቅጥቁ። የሸክላው እምብርት (በግድቡ መሃል ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው ክፍል) አናት ውርጭ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች መሆን አለበት፤ ካልሆነ በላዩ ጠጠር ይጨመርበታል።

በሐይቁ ጎን የተነጠፈውን ድንጋይም አይርሱ። በረዶ ድንጋይ ነቅሎ ይወስዳል፤ ከሥሩ ያለው ማጣሪያ ከተጋለጠ ማዕበል ቶሎ ያጥበዋል።