ከጦርነት የተመለሰ ሰው ስትቀርጹ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ሀዋሳ ውስጥ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ስራዬ ፊልም አይደለም፣ ግን አጭር ፊልምና የዩቲዩብ ድራማ የሚሰሩ የከተማችን ልጆች "እስቲ ይቺን ስክሪፕት እይልን" እያሉ ይልኩልኛል፣ እኔም ደስ እያለኝ አነባለሁ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር የሌለበት ስክሪፕት ከመጣልኝ ቆየ። ክፋቱ ስሙ ይቀያየራል እንጂ ሁሌም ያው አንድ ሰውዬ ነው። ባለፈው ሳምንት የመጣልኝን አንብቤ ስጨርስ ትዕግስቴ አለቀ፣ ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንደኛውና ደሜን የሚያፈላው፦ ፒቲኤስዲ (ከከባድ አደጋ ወይም ሰቆቃ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ህመም) ማለት ጩኸት ነው ብሎ ማሰብ።

ሲኑን በቃሌ ይዤዋለሁ። የባጃጅ ማርሚታ ጧ ይላል፣ ካሜራው አይኑ ላይ ይጠጋል፣ የሄሊኮፕተር ድምፅ ይገባል፣ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፣ ከዛ ሰውዬው ወይ ጠረጴዛ ገልብጦ መሬት ላይ ይተኛል ወይ ቢላ ያነሳል። መደንገጡ ውሸት ነው አላልኩም፣ ድንገተኛ ድምፅ ክፉኛ የሚያስበረግጋቸው ሰዎች አሉ። ግን ምልክቶቹ አራት ጎራ ናቸው እኮ፦ ትዝታው ሳይጠሩት በቅዠትም በፍላሽባክም (ያለፈው ነገር አሁን እየሆነ ያለ ይመስል ሲመለስ) መምጣቱ፣ ያንን ነገር የሚያስታውስን ሁሉ መሸሽ፣ ስሜትና አስተሳሰብ መጨለም፣ እና ሰውነት ሌት ተቀን በተጠንቀቅ መቆም። እናንተ ከመጀመሪያው ፍላሽባኩን፣ ከመጨረሻው ብርገጋውን ትወስዱና መሀሉን ሙሉ በሙሉ ትረሱታላችሁ፣ ታሪኩ ያለው ደግሞ መሀሉ ላይ ነው። መሸሽ ማለት የዕድር ጥሩምባ ገና ጎህ ሳይቀድ ሲነፋ ትራሱን ጆሮው ላይ የሚጭን፣ ለቅሶ ቤት ላለመሄድ መቶ ምክንያት የሚፈጥርና ሰፈሩ ሁሉ "ኮራ" ብሎ ያኮረፈው፣ ዜና ሊጀምር ሲል "ሲጋራ ልግዛ" ብሎ የሚወጣ ሰው ነው። ስሜት መጨለም ማለት የገዛ ልጁ ሰርግ ላይ ሁሉም እልል ሲል ውስጡ ምንም ሳይሰማው ቀርቶ "እኔ ምን አይነት አባት ነኝ" እያለ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ የሚቀመጥ ሰው ነው። ፍላሽባክም ቢሆን ሁሌ ሙሉ ጦርነት አይደለም፣ አንዳንዴ የናፍጣ ሽታ ብቻ ነው የሚቀሰቅሰው፣ ሰውዬው አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ለጥቂት ሰከንድ የለም፣ ከዛ ይመለስና "ምን አልከኝ?" ይላችኋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አይቼው ስለሆነ። ከታቦር ተራራ ስር አንድ ግቢ ውስጥ ቀረፃ ነበር፣ እኔ እንድመክር ተጠርቼ ሄጃለሁ። ተዋናዮቹን መሳሪያ አያያዝ እንዲያሳይ አንድ የቀድሞ ወታደር መጥቷል፣ ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው። ዳይሬክተሩ "ናቹራል ሪአክሽን እንይ" ብሎ ለሰውዬውም ለእኔም ሳይነግር ርችት አስተኮሰ፣ ካሜራው ተደብቆ እየቀረጸ ነው። ሰውዬው የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ነበር። አልጮኸም። አልተኛም። ባዶውን ብርጭቆ ልክ እስከ አፉ የሞላ ይመስል በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው፣ ከዛ ቦርሳውን ሳያነሳ ከግቢው ወጣ። ዳይሬክተሩ ምን አለ መሰላችሁ፣ "ምንም አላደረገም እኮ፣ አይሰራልንም" አለና ቀረፃውን አጠፋው።

ተከትዬው ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ የመጀመሪያ ጥያቄው "ሰው ተጎዳ?" ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና ዛሬ ማክሰኞ እንደሆነ፣ ያለነው ሀዋሳ እንደሆነ፣ የሚሰማው የባጃጅ ድምፅ እንደሆነ ቀስ እያልኩ ነገርኩት፣ እግሩን መሬቱ ላይ እንዲጫን፣ የሚያየውን ነገር እንዲጠራልኝ ጠየቅኩት። ሀያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ያቺን ባዶ ብርጭቆ እስካሁን አልረሳኋትም፣ ፊልሙ ሲፈልገው የነበረው ነገር እሱ ነበር፣ እነሱ ግን ጩኸት ስላልነበረው አጠፉት። ሰውን ሳያስፈቅዱ ማስደንገጥ ጥበብ አይደለም፣ ጉዳት ማድረስ ነው፣ ቀረፃችሁ ላይ ወታደር የነበረ ሰው ካለ ማንኛውንም ተኩስ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ "አልፈልግም" ካለም ክፍያውን ሳትቀንሱ አሰናብቱት።

ሁለተኛ፦ ወታደሩ አደገኛ ነው የሚለው። በየስክሪፕቱ ሚስቱን ያንቃል፣ ጎረቤት ይወጋል። ንዴትና ቶሎ መቆጣት በሽታው ውስጥ አለ፣ መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ ቤተሰብ ላይ መከራ ይመጣል፣ ይሄን አልክድም። ግን ፒቲኤስዲ ያለበት አብዛኛው ሰው ማንንም አይጎዳም፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ራሱን ነው። የእናንተ ፊልም ክሊኒኬ በር ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? እንቅልፍ አጥቶ የመጣ ሰው "ሲስተር፣ ሚስቴ እንዳትፈራኝ አትጻፊው" ይለኛል። የሚያፍረው ከህመሙ አይደለም፣ ስክሪን ላይ ካየው ሰውዬ ነው። ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ጭራሽ አይመጡም።

ሶስተኛ፦ ቡትቶ አልብሳችሁ፣ ጠጉሩን አንጨብርራችሁ፣ መንገድ ላይ ብቻውን እያወራ ህፃናት ሲስቁበት ማሳየት። ያ ሌላ ህመም ነው፣ እሱም ቢሆን ለሳቅ አይሆንም።

አራተኛ፦ ጦርነት ያየ ሁሉ ይታመማል ማለት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለከባድ አደጋ ወይም ሰቆቃ ከተጋለጡ ሰዎች ውስጥ ፒቲኤስዲ የሚይዛቸው 5.6 በመቶ ያህሉ ናቸው፣ ጦርነትና ግጭት ላይ ሲሆን ወደ 15.3 በመቶ ይወጣል። ትልቅ ቁጥር ነው፣ ግን አብዛኛው ወታደር ያዝናል፣ ይቃዣል፣ ቀስ በቀስም ይረጋጋል። ደግሞ ትናንት ከግንባር የመጣን ሰው ዛሬ ፒቲኤስዲ አለበት አትበሉ፣ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ መቆየት አለባቸው። በተቃራኒው ደህና ነው ሲባል ቆይቶ ከስድስት ወር በኋላ፣ አንዳንዴ ከአመታት በኋላ የሚብስበትም አለ። ለድራማ ጸሐፊ ይሄ ሀብት ነው፣ ማንም ሲጠቀምበት ግን አላየሁም።

አምስተኛ፦ የሚታመመው ተኳሹ ብቻ መሆኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቻርልስ ማየርስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 "ሼል ሾክ" የሚለውን ስም ሲጽፍ ነገሩ ከመድፍ ፍንዳታ ጋር የተያያዘ ነበር፣ በኋላ ግን ፍንዳታ አጠገባቸው ያልደረሰ ወታደሮችም ያንኑ ምልክት ሲያሳዩ ተገኙ። ስለዚህ ሹፌሩን ጻፉት፣ ወጥ ቤቱን ጻፉት፣ አስከሬን ሲሰበስብ የነበረውን፣ ቁስለኛ ስታክም የነበረችውን ልጅ ጻፏት። ሴት ተዋጊዎች ነበሩ፣ አሉም፣ የናንተ ስክሪፕት ውስጥ ግን ሴት ማለት በር ላይ ቆማ የምታለቅስ ሚስት ብቻ ናት።

ስድስተኛው የአሜሪካን ወታደር አማርኛ ማናገር ነው። ፒቲኤስዲ በዚህ ስሙ የአሜሪካ ሳይካትሪ ማህበር መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ከቬትናም የተመለሱት ወታደሮችና አብረዋቸው የቆሙ ሐኪሞች ብዙ ከታገሉ በኋላ። የእነሱ ፊልም ከእነሱ ታሪክ ወጣ፣ ደግ አደረጉ። የእኛ ሰው ግን ጫካ ውስጥ ሄሊኮፕተር እያየ አይቃዥም። የእኛው በ1969 ኦጋዴን ነበር፣ ወይም በ1991 ባድመ፣ ወይም በ2013 ሰሜን። አጎቴ በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ በአፈሳ የተወሰዱ ናቸው፣ በ1983 ሰራዊቱ ሲበተን ግማሹን መንገድ በእግራቸው ግማሹን በጭነት መኪና አቆራርጠው ነው ቤት የደረሱት፣ በአንድ እግራቸው ጫማ የለም ነበር ትላለች እናቴ። የተቀበላቸው ባንዲራ የለም። "የተበተነ ወታደር" የሚለው ቃል ራሱ እንደ ስድብ ነበር የሚጠራው፣ አንዳንዱም ከእነመለዮው ለምኖ በልቷል። እንዲህ ያለ ሰው የሚሸከመው ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ ሀፍረት ነው፣ ጓደኛዬን ጥዬው መጣሁ የሚል ጸጸት ነው። ይሄን ትታችሁ ሄሊኮፕተር ምን ያደርግላችኋል?

ሰባተኛ፦ ፍቅር ያድነዋል፣ ወይም ሐኪም ፊት አንዴ አልቅሶ ይድናል። ህክምናው ስራ ነው። ለፒቲኤስዲ ከተዘጋጁት የንግግር ህክምናዎች አንዱ ብዙውን ጊዜ 12 ያህል ቀጠሮ ይወስዳል፣ ሌላው ከ8 እስከ 15፣ ሰውዬው የሸሸውን ነገር ቀስ በቀስ እየተጠጋ። እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድሃኒቶችም ይረዳሉ። ጸበል የሚሄደውን ሰው ደግሞ ኋላ ቀር አድርጋችሁ አትሳሉት፣ እዛ የሚያገኘው ማጽናኛ እውነት ነው፣ ክኒኑን ጥሎ እንዳይሄድ ማድረግ ነው የእኛ ስራ። ብዙ ሰው እንደሚሻለውም አሳዩ፣ ሲሻለው ያየሁት ሰው ብዙ ነው።

ስምንተኛው ለጋዜጠኞችና ለዩቲዩበሮች፦ "ጓደኛህ አጠገብህ ሲወድቅ ምን ተሰማህ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ከስሩ ዋሽንት አትልቀቁ። እንባው ላይ ዙም አታድርጉ። ከመጀመራችሁ በፊት የትኛውን ጥያቄ እንደማይፈልግ ጠይቁት፣ ማቆም እንደሚችል ንገሩት፣ በሩ በሚታየው በኩል አስቀምጡት፣ ማታ ደውላችሁ እንቅልፍ እንዴት ነው በሉት።

መጨረሻው ላይ መግደልስ? ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ። ተማሪ እያለሁ ለክበባችን ድራማ ጽፌ ወታደሩ መጨረሻ ላይ ራሱን ያጠፋል፣ እንዴት እንዳጠፋም በዝርዝር አሳይቻለሁ፣ አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ፣ እኔም የተሳካልኝ መሰለኝ። ያኔ የማላውቀው፣ መንገዱን በዝርዝር ማሳየት በዛ ሀሳብ ውስጥ ያለን ሰው ሊገፋው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለፊልም ሰሪዎች ለብቻው መመሪያ አውጥቷል፣ ይሄንንም አታሳዩ ይላል፣ እባካችሁ አንብቡት። አጎቴም የዛን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፣ እንደ ልማዳቸው የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ጀርባቸው ግድግዳው ላይ። ወደ ቤት ስንሄድ ፒያሳ እስክንደርስ ምንም አላሉም። ከዛ "ልጄ፣ ጥሩ ነው የጻፍሽው" አሉኝ፣ ትንሽ ሄደው ደግሞ "ግን ልጁን ለምን ገደልሽው? እኔ እኮ አለሁ" አሉኝ።