ድፍርስ ውሃ ላይ የትኛው ቀለም? የፕላስቲክ ትል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባለፈው በልግ ከጓደኞቼ ጋር አሳ ልናጠምድ ጀማ ወንዝ ወረድን። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ ወንዙን የሚሻገርበት አካባቢ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመዴ የላከልኝን አንድ ከረጢት ሙሉ የፕላስቲክ ትል፣ ማለትም መንጠቆ ላይ የሚታሰር የአሳ ማታለያ፣ ይዣለሁ። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዘንቦ ስለነበር ውሃው ደፍርሷል። እኔ ከሁሉም ያማረኝን አሰርኩ፤ የሐብሐብ ልጣጭ የመሰለ አረንጓዴ፣ ውስጡ ብልጭልጭ ያለው። እስከ ከሰዓት ድረስ ወረወርኩ። አንድም አሳ አልነካውም። አጠገቤ የቆመው ልጅ ግን ከዚያው ከረጢት ጥቁሩን አውጥቶ አስሮ ሁለት ነጭ አሳ አወጣ።

ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና ወንዙ ላይ የሞከርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንለይ። ይህ ትል የተሠራው ለባስ ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ አሳ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ አድብቶ የሚይዝ። ትሉንም በ1949 ኦሃዮ ውስጥ ኒክ ክሬም የሚባል ሰው ቤቱ ኩሽና ውስጥ ፕላስቲክ እያቀለጠ ነው የጀመረው። ስለ ቀለም ብዙ የተመረመረውም ባስ ላይ ነው። እኛ ጀማ ላይ የምንይዘው ነጭ አሳና አምባዛ ነው። ዓይናቸው ከባስ ዓይን ሊለይ ይችላል። ብርሃን ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚደርስበት ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ለኩ

"ደፍርሷል" ማለት ብቻውን አይበቃም። በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣልያናዊ ቄስ ነጭ ሳህን በገመድ ባሕር ውስጥ እያወረደ፣ ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ይለካ ነበር። ዘዴው ዛሬም ይሠራል። እኛም ሳህን አያስፈልገንም። ነጭ ትል ክር ላይ አስራችሁ ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ሲጠፋባችሁ ክሩን ውሃው ፊት ላይ ቆንጥጣችሁ ያዙና በስንዝር ለኩት።

ከሁለት ክንድ በላይ ከታያችሁ ውሃው ጥሩ ነው፤ ያ የሚያምረው አረንጓዴ ይሠራል። ከአንድ እስከ ሁለት ክንድ ከሆነ እኔ "ብርዝ" እለዋለሁ፤ ቢጫ ነው፣ ግን ያሳያል። ስንዝር ተኩል ሳይሞላ ከጠፋ "ማኪያቶ" ነው። በመሃል ያለውን ወደ ማኪያቶው አስጠግታችሁ ቁጠሩት። ክረምት ላይ ጀማ ማኪያቶ ነው፤ በበልግ ደግሞ አንድ ሌሊት ዝናብ ይበቃዋል።

አፈሩንም እዩት። ከእነዋሪ በኩል የሚመጣው የጥቁር አፈር ጭቃ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም። አሸዋ የበዛበት ጅረት ግን ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ ይጠራል። ሁለት ውሃ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቆማችሁ ሁለቱንም ለየብቻ ለኩ። የጠራውና የደፈረሰው የሚነካኩበት ጠርዝ አሳ የሚያደባበት ነው። እኔ አሁን ሁልጊዜ እዚያ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ እጅ ላይ ያማረው ትል ውሃ ውስጥ ይጠፋል፤ አሳ አይነካም

የእኔ ችግር ይኼ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ብርሃኑ ነው። በጠራ ውሃ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊ ነው። ድፍርስ ውሃ ይህን ይገለብጠዋል። ጭቃውና የበሰበሰው ቅጠል ሰማያዊውን ቀድመው ይውጡታል፤ የሚተርፈው ቢጫና ቀይ ቀይ የሚለው ብርሃን ነው። እሱም ማኪያቶ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ደማቅ ሰማያዊ ብላችሁ የገዛችሁት እዚያ ሲደርስ ጥቁር ነው።

ሁለተኛው ትሉ ራሱ ነው። ብልጭልጭ ያለው አረንጓዴ ብርሃን ያሳልፋል። ለጠራ ውሃ ነው የተሠራው። ድፍርስ ውሃ ውስጥ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል። ቡናማውም እንደዚሁ፤ ብዙ ሰው "ውሃው ቡናማ ነው፣ ቡናማ ልሰር" ይላል። ግን አሳው እንዲያየው ከፈለግን ትሉ ከውሃው መለየት አለበት እንጂ መመሳሰል የለበትም።

መፍትሄው ጥቁር ነው። ድፍን ጥቁር፣ ወይም ጥቁርና ሰማያዊ ቅልቅል፣ ወይም ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ። አሳው ከታች ወደ ላይ ሲያይ ከኋላው ሰማይ አለ፤ ጥቁር ነገር ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስትመርጡ ትሉን ወደ ፀሐይ አንሱትና ጣታችሁን ከኋላው አድርጉ። የጣታችሁ ጥላ ከታያችሁ ለሌላ ቀን አስቀምጡት።

ምልክት፦ ጠዋት ጥቁሩ ሠራ፣ እኩለ ቀን ላይ አቆመ

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ማኪያቶ ውሃ ራሱ ያበራል። ያኔ የትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ የመሰለውን ቢጫ አረንጓዴ ሞክሩ። ሲደመን ወደ ጥቁሩ ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባስን በቀለም እየለዩ ምግብ እንዲፈልግ አሠለጠኑት። ዓይኑ ቀለም የሚለይባቸው ሁለት ዓይነት ሕዋሶች ብቻ እንዳሉት አገኙ፤ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለቀይ። ቀይና አረንጓዴ ላይ ጎበዝ ነው። ያንን የሚያበራ ቢጫ ከነጭ ጋር፣ ሰማያዊውን ደግሞ ከጥቁር ጋር ያምታታል።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? ጊዜ ያድናል። ነጩ ካልሠራ ወደ ቢጫው መቀየር ምናልባት ምንም መቀየር አይደለም። ጥቁሩ ካልሠራም ጥቁር ሰማያዊ ማሰር እንደዚያው ነው። ከቀየራችሁ ከጥቁር ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ በሉ። ነጭ አሳ እንደ ባስ ያያል ማለቴ አይደለም፤ ግን እንዲህ ዘልዬ መቀየር ከጀመርኩ ወዲህ ችግሩ ቀለሙ ይሁን አይሁን ቶሎ ይገባኛል።

ምልክት፦ ይነካል፣ ግን አይያዝም

ጫፉ ተነክሶ ትሉ ባዶውን ይመጣል። ድፍርስ ውሃ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ አሳው በትክክል ስላላነጣጠረ ነው። ፍጥነታችሁን በግማሽ ቀንሱ። እንደጠነጠናችሁ ቆም በሉ፤ ሁለት ሦስት ቁጠሩና እንደገና። ትሉ ረጅም ከሆነ ከፊት በኩል የጣት አንጓ ያህል ቆርጣችሁ መንጠቆውን ወደ ጭራው አስጠጉ። ሰውነቱ ጥቁር፣ ጭራው ቢጫ የሆነ ካላችሁ እሱን እሰሩ። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ማቅለሚያም አለ፤ ጭራውን ብቻ ነከር ማድረግ ነው።

ምልክት፦ ቀለሙን ሁሉ ጨረስን፣ አሁንም ዝም

እንግዲያው ችግሩ ቀለም አይደለም። ውሃው ግማሽ ስንዝር እንኳ በማያሳይበት ቀን ዓይን ዋናው መሣሪያ አይሆንም። አሳ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው በጎኑ የተዘረጋ መስመር አለው፤ የውሃ ንቅናቄን የሚሰማው በእሱ ነው። ስለዚህ ቀጭኑን ትል አስቀምጡና ጭራው እንደ መቅዘፊያ ሰፋ ያለውን፣ ሲሳብ ውሃውን የሚመታውን እሰሩ። መጠኑም ከፍ ይበል። ወደ ዳር ተጠጉ፤ ከድንጋይ ጀርባ፣ ከዛፍ ሥር አጠገብ። ጎርፍ ሲበዛ አሳውም ኃይለኛውን ውሃ ሸሽቶ እዚያ ነው የሚጠጋው።

አምባዛ ከፈለጋችሁ ደግሞ በቀለም አትድከሙ። እሱ በማሽተትና በሪዙ ነው ምግብ የሚፈልገው። እውነተኛ ትል ወይም የዶሮ አንጀት ከማንኛውም ፕላስቲክ ይበልጥበታል።

ምልክት፦ ከረጢቱ ውስጥ ቀለሙ ተቀላቀለ

የጥቁሩ ቀለም ወደ ቢጫው ይዞራል፤ አይመለስም። ጀማ ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ደግሞ ያፋጥነዋል። እያንዳንዱን ቀለም በየራሱ ከረጢት፣ ከረጢቱን ጥላ ሥር። የተበጣጠሰውን ትል ውሃው ውስጥ አትጣሉት፤ ከብቱ የሚጠጣው እዚያው ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ይግባ።

ምልክት፦ ውሃው ዓይናችሁ እያየ ደፈረሰ

ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ እያቃጠላችሁ፣ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ጠቆረ። አረፋ፣ ጭራሮና ቅጠል መጣ። ድምፁ ወፈረ። ይህ ደራሽ ውሃ ነው። በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፈው በሬሳም፣ ከመንዝ በኩል የሚመጣው ወንጪትም ጀማ ነው የሚገቡት፤ ደጋው ላይ የዘነበው እኛ ሳናየው ይደርሳል። ከረጢቱ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቀለም የለም። ክሩ ድንጋይ ይዞ ከሆነ ቁረጡት። ማዶ ያለ ጓደኛ ካለ ተጣርታችሁ እዚያው ገደሉ ላይ ይውጣ፤ ወደ እናንተ ለመሻገር አይሞክር። ዕቃውን ለመሰብሰብ አትቆዩ።